ሽማግሌ በቤቱ ጌታ ሆኖ ስለ መኖሩ

ኢየሱስ ወልደ ሲራክ የሕዝብን አለቆችና የጉባኤን መሪዎች ስሙኝ ብሎ ከጠራ በኋላ የሚሰጠው ምክር ብዙውን አድማጭ ያስደነግጣል። ሰው በሕይወቱ ሳለ ልጁንም ቢሆን ሚስቱንም ቢሆን፥ ወንድሙንም ቢሆን ወዳጁንም ቢሆን በራሱ ላይ እንዳያሠለጥን ያዝዛል። ኋላ ተጸጽቶ የሰጠውን መልሶ እንዳይለምን ገንዘቡን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱንም ሲገልጽ፥ አባት የልጆቹን እጅ ከሚያይ ልጆች የአባታቸውን እጅ ቢያዩ እንደሚሻል ይናገራል። ርስት የሚከፈልበትን ጊዜ ደግሞ ይወስናል፤ ይኸውም ዕድሜ ሲፈጸምና ሞት ሲቀርብ ነው።

ይህን ቃል የሰማ ሰው በልቡ መጠየቁ አይቀርም። ጌታ በወንጌል ባለጸጋውን ጎልማሳ ያለውን ሸጦ ለድኆች እንዲሰጥ አዝዞት ሳለ፥ ሲራክ ስለ ምን ሽማግሌውን ያዝ ይለዋል? ዕድሜው ወደ መቃብር የቀረበ ሰው ለቤትና ለመሬት፥ ለቁልፍና ለሣጥን መጨነቁስ ምን ይጠቅመዋል? ነገር ግን ይኸው ሲራክ በዚያው መጽሐፍ ለድኃ እጅን መዘርጋት እንደሚገባ ደጋግሞ የሚያስተምር ነውና ንፍገትን አስተማረ ሊባል አይቻልም። እርሱ እንዲጠበቅ የሚፈልገው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የሰጪው ሰጪነት ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ለልጁ ያስረከበ አባት በማግሥቱ ለድኃ የሚዘረጋው እጅ የለውም፤ ምጽዋት መስጠት ቢወድ ልጁን ማስፈቀድ አለበት።

ሲራክ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ጌታ ከመወለዱ በፊት 180 ዓመት ያህል ሲቀር በኢየሩሳሌም ነው። ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የመለሰው ደግሞ በግብፅ አገር የነበረ የልጅ ልጁ ነው። ስለ ውርስ የተነገረው ምክር ራሱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ ውርስ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

የሲራክን ቃል ከማንኛውም ነገር ይልቅ የሚያስረዳ ታሪክ በመጽሐፈ ኩፋሌ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ በሌላ አገር ያሉ ብዙ ክርስቲያኖች ያላወቁትን ነገር የኢትዮጵያ ምእመናን ከጥንት ጀምሮ ሲያነቡት ኖረዋል። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ወደ መስጴጦምያ ከሄደ በኋላ ዔሳው የእስማኤልን ልጅ አገባ። የአባቱን መንጋ ሁሉ ሰበሰበ፤ ሚስቶቹንም ይዞ ወደ ሴይር ተራራ ወጣ፤ ይስሐቅንም በመሐላው ጉድጓድ አጠገብ ብቻውን ተወው። ይስሐቅ ዘርቶ መቶ እጥፍ ያገኘ፥ ፍልስጥኤማውያን እስኪቀኑበት ድረስ ከብቱ የበዛለት ሰው እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት ይመሰክራል። ያን ሁሉ መንጋ የወሰደበት ጠላት አይደለም፤ የሚወድደው የበኵር ልጁ ነው።

ርብቃ ኋላ ከይስሐቅ ጋር ስትነጋገር ይህን ነገር ታነሣለች። ዔሳው በልቡ ሁሉ እንደ ተዋቸው፥ ገንዘባቸውንም በዓይናቸው ፊት እንደ ወሰደ ትናገራለች። ከዚያም አንድ ቃል ትጨምራለች፤ የራሳቸውን ገንዘብ በለመኑት ጊዜ ለእነርሱ እንደሚራራ ሰው ሆኖ እንደ ታየ ትናገራለች። እንደሚራራ ሰው ሆነ ማለት፥ ዕዳውን ምጽዋት አደረገው ማለት ነው። አንድም፥ ባለቤቱን ለማኝ፥ ራሱን ግን ቸር አደረገ ማለት ነው። አንድም፥ የወሰደው መንጋውን ብቻ ሳይሆን የወላጆቹን አፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስጠን እንጂ መልስልን ማለት አልቻሉምና። ሲራክ ተጸጽተህ እንዳትለምን ብሎ ያስጠነቀቀው ይህ ነው። ርብቃን ከበጎቹ መጥፋት ይልቅ ያቃጠላት የልጇ ርኅራኄ ነበረ።

ያዕቆብ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ይስሐቅ ከመሐላው ጉድጓድ ተነሥቶ ወደ አባቱ ወደ አብርሃም ግንብ ወጥቶ፥ ከዔሳው ተለይቶ በዚያ ተቀምጦ ነበር። ያዕቆብም ከመስጴጦምያ ከተመለሰ በኋላ ከገንዘቡ ሁሉ ይልክለት ነበር፤ ልብስና መብል፥ ሥጋና መጠጥ፥ ወተትና ቅቤ፥ አይብና ከሸለቆው የተለቀመ ተምር ይልክለት ነበር። ለእናቱ ለርብቃም በዓመት 4 ጊዜ፥ በእርሻና በመከር መካከል፥ እንደ ወራቱም አከፋፈል ይልክላት ነበር። አባቱን አምጥቶ በድንኳኑ ጥግ አላስቀመጠውም፤ ከግንቡ ውጣ አላለውም። ስንቁ የያዕቆብ ነበረ፤ በሩ ግን የይስሐቅ ነበረ።

በዓመት 4 ጊዜ መባሉም እንዲያው የተጻፈ አይደለም። ጊዜው የታወቀ ስጦታ ተቀባዩን ከልመና ያድነዋል። ቅቤው አለቀ ብሎ መልእክተኛ መላክ፥ መልእክተኛው ምን ይዞ እንደሚመለስ በር በሩን ማየት፥ ልጁ ዛሬ ደስ ብሎታል ወይስ ተቈጥቶአል ብሎ ፊቱን መመርመር፥ ይህ ሁሉ ለሽማግሌ ከራብ የማይተናነስ መከራ ነው። ወሩ ሲገባ ሳይጠየቅ የሚመጣ ስንቅ ግን እንደ ራስ አዝመራ ይቈጠራል። ዛሬም በባዕድ አገር ሠርተው ለወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩ ልጆች መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ቀኑን ባያዛንፉ፥ በዓመት አንድ ቀን ብዙ ልከው ሌላውን ወራት ዝም ከማለት የበለጠ ወላጆቻቸውን ያከብራሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ይስሐቅ ዓይኑ ፈዝዞ ዔሳውን ወደ አደን በላከው ጊዜ የሚሞትበትን ቀን እንደማያውቅ ተናግሮ ነበር፤ እውነትም አላወቀም። በኦሪት ዘፍጥረት ቍጥር ያዕቆብ ሲወለድ ይስሐቅ 60 ዓመቱ ነበረ። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ሲወርድ 130 ዓመቱ፥ ዮሴፍ ደግሞ 39 ዓመቱ ነበረና ያዕቆብ ዮሴፍን የወለደው በ91 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ የተወለደው ያዕቆብ 14 ዓመት ለላባ ካገለገለ በኋላ ስለ ሆነ፥ ከአባቱ ቤት የወጣው በ77 ዓመቱ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይስሐቅ ያን ጊዜ 137 ዓመቱ ነበረ፤ የሞተው ግን በ180 ዓመቱ ነው። ቀኑ የደረሰ መስሎት ከመረቀ በኋላ 43 ዓመት ኖረ። ዛሬ ነገ እሞታለሁ ብሎ ቤቱን የሚያስረክብ ሰው ይህን ሒሳብ ቢቈጥረው መልካም ነበር።

በኢትዮጵያ ልጅ ጧሪና ቀባሪ ይባላል፤ ልጅ የሌለው ሰው ጧሪ ቀባሪ የለውም ተብሎ ይታዘንለታል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በመጦርና በመቅበር መካከል ያለውን ልዩነት አንዳንድ ልጆች ይዘነጉታል፤ ወላጃቸው ገና ቆሞ እየሄደ ሳለ እንደ ተቀበረ ሰው ርስቱን ይካፈሉታል። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይጀመርም። ባሏ የሞተባት ባልቴት በከተማ አንድ ቤት አላት። የበኵር ልጇ ለንግድ የሚሆን ብድር ፈልጎ፥ እማዬ፥ ቤቱን በስሜ አዙሪልኝ፤ አንቺ እንደ ሆንሽ ከዚህ ቤት የሚያስወጣሽ የለም፥ ይላታል። እርስዋም የምትወድደው ልጇ ነውና ትፈርማለች። ንግዱ ሲከስር ቤቱ በዕዳ ይሸጣል፤ ወይም ልጁ ያገባና ሌላ እመቤት ወደ ቤቱ ትገባለች፤ የጓዳው ቁልፍ ከባልቴቲቱ መቀነት ይፈታል። ከዚያ ወዲያ የንስሐ አባቷ ቢመጡ ቡና አፍልታ ለማቅረብ ታስፈቅዳለች። በገጠርም ጕልበቱ የደከመ ገበሬ የእርሻ ይዞታውን ለሚጦረው ልጅ ወይም ዘመድ በስጦታ አሳልፎ ሰጥቶ፥ መሬቱ በተቀባዩ ስም ከተጻፈ በኋላ የተገባለት ቃል ሲላላ ይታያል። መሬቱን ሳይሰጥ ለእኩል ቢያሳርስ ኖሮ እህሉ በየዓመቱ ወደ ጎተራው ይገባለት ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ግን በፍቅር የሚደረገው ነው፤ የሚከስሰው የለምና። ልጆቿ እናታቸውን ከልብ ይወድዷታል፤ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፥ ሁሉን እኛ እንሠራለን ይሏታል። እንዝርቷን ያነሡባታል፤ ምስር ስትለቅም ቢያዩ ሰፌዱን ይቀበሏታል። ትወድቂያለሽ ብለው ማለዳ ወደ ኪዳን መሄድ ይከለክሏታል፤ እንግዳ ስለ ጤናዋ ሲጠይቃት እነርሱ ይመልሱላታል። በዓመቱ እጅዋ ሥራ ይረሳል፤ ጕልበቷም ከመቀመጥ የተነሣ ይያዛል። ያን ጊዜ ልጆቿ፥ አላልንሽም ወይ፥ ደክመሻል ይሏታል። ያደከማት ግን ሽምግልናው ብቻ አይደለም።

አንድ መከራከሪያ ሳይመለስ አይታለፍ። በኢትዮጵያ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሸመገሉ ጊዜ ገንዘባቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው ቆብ ጭነው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ መኖራቸው ከጥንት የቈየ ልማድ ነው። ይህ የሲራክን ቃል አያፈርስምን? አያፈርስም። የሚመነኵስ ሰው ለዚህ ዓለም እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ በምንኵስናውም ጊዜ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ሲራክ አከፋፍል ያለበት የፍጻሜ ሰዓት ለመነኵሴው በዚያ ቀን ደርሶለታል። በገዛ ፈቃዱም ራሱን ለእግዚአብሔር ሰጠ እንጂ ለሰው አላሠለጠነም። ልጆቹ ቤቱን ስለ ፈለጉት ቆብ የተገዛለት ሽማግሌ ግን መነኰሰ ሳይሆን ተባረረ ቢባል ይሻላል።

ወደ ልጅ አገር ስለ መሄድም መጽሐፍ ዝም አላለም። ዳዊት በሕይወቱ ሳለ መንግሥቱን ሊወስድ ከተነሣ ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም በተቀመጠ ጊዜ፥ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ከሌሎች ጋር ሆኖ ምኝታና ዕቃ፥ ስንዴና ገብስ፥ ባቄላና ምስር፥ ማርና ቅቤ አምጥቶለት ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ንጉሡ፥ ከእርሱ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ቢሻገር እንደሚጦረው ነገረው። ቤርዜሊ 80 ዓመት ሆኖት ነበር። የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም መለየት እንደማይችል፥ የዘፋኞችንም ድምፅ መስማት እንደ ተሳነው ገለጠለት፤ በከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ለመሞት እንዲመለስ ለመነ። በእርሱም ፈንታ ከመዓም እንዲሄድ አደረገ። ንጉሡም አልተቈጣም፤ ሳመው፥ መረቀውም፤ ሽማግሌውም ወደ ስፍራው ተመለሰ።

በዋሽንግተንም ይሁን በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ልጆች እናታቸውን ወደ እነርሱ ሲጠሩ ዳዊት ቤርዜሊን የጠራው ዓይነት ጥሪ ነው፤ በመልካም ልብ የሚደረግ ነው። ነገር ግን በአገሯ የዕድሯ አባል፥ የማኅበሯ ጠዋሪ፥ ጎረቤት የሚመካከራት ሴት የነበረች፥ በዚያ ቋንቋውን የማታውቅ፥ በመኪና የሚወስዳት ካልተገኘ ቅዳሴ የማትሰማ፥ ልጆቿ ሥራ ውለው እስኪመለሱ ከሕፃናት ጋር ተዘግቶባት የምትውል ልትሆን ትችላለች። ቤቱ ሞቃት ነው፤ ምግቡም አይጐድልም፤ ቤርዜሊም የንጉሥ ማዕድ ይጐድልብኛል ብሎ አልፈራም። ስለዚህ እናት አልሄድም ብትል፥ ወይም ሄዳ ልመለስ ብትል፥ ልጅ ዳዊት እንዳደረገ ስሞ መመረቅና መሸኘት ይገባዋል። የሄዱትም ቢሆኑ ሁሉን አጥተዋል ማለት አይደለም። ያዕቆብ በ130 ዓመቱ ወደ ዮሴፍ ወርዶ በግብፅ እንጀራ ኖሮአል። ሆኖም የሚቀበርበትን ስፍራ ራሱ ወስኖ ዮሴፍን አስምሎታል። ኤፍሬምንና ምናሴን ሲባርክ እጆቹን ቢያስተላልፍ፥ ዮሴፍ ዓይኑ የከበደ ሽማግሌ የተሳሳተ መስሎት ቀኝ እጁን ሊያነሣ ያዘው። ያዕቆብ ግን የሚያደርገውን እንደሚያውቅ ነግሮት እምቢ አለ። የግብፅ ገዥ የሆነ ልጅ የአባቱን እጅ ሊያነሣ አልቻለም።

ይህ ሁሉ አእምሮ ሳለ ነው። ሰው ግን ይደክማል፤ ጌታም ለጴጥሮስ ይህን አልሸሸገውም። በጎልማሳነቱ ራሱ ታጥቆ ወደ ወደደው ይሄድ እንደ ነበረ፥ በሸመገለ ጊዜ ግን እጁን እንደሚዘረጋ፥ ሌላም እንደሚያስታጥቀውና ወደማይወድደው እንደሚወስደው ነግሮታል። ይህ በሮም ስለሚቀበለው ሰማዕትነት የተነገረ መሆኑን ወንጌላዊው ራሱ ተርጕሞታል። አንድም፥ የሽማግሌን ሁሉ ኑሮ ያሳያል። ነገር ግን በቃሉ ውስጥ 2 ነገር እንዳለ ልብ ይሏል። እጅን ዘርግቶ በሌላ መታጠቅ የሽምግልና ዕጣ ነው፤ ወደማይወድዱት መወሰድ ግን የገዳዮቹ ሥራ ነው። እናቱን የሚያለብስ፥ የሚያጥብ፥ ክንዷን ይዞ የሚመራ ልጅ የመጀመሪያውን ይፈጽማል። የቱን ቀሚስ ትለብሻለሽ፥ ወዴት ልውሰድሽ ሳይል የሚያደርገው ከሆነ ግን ሁለተኛውንም በላዩ ይጨምርበታል። ሲራክም አባት አእምሮው ቢጐድል እንኳ ልጅ እንዲታገሠው፥ ኃይል አለኝ ብሎም እንዳያቃልለው ያዝዛል።

ስለዚህ ሽማግሌው ኋላ ቢደክም የሚሆነውን ገና ሳይደክም መናገርና መጻፍ ይገባዋል። በዚህ ነገር የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3 ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሁሉን በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው ሞት እንደ ቀረበበት የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል የሚናገረው ነው፤ ከተናገረ በኋላ 3 ወር ከኖረ ይፈርሳል። በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ስለ ሕፃናት ልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው እንጂ ቤትን ለማውረስ አይሆንም። ለንስሐ አባቴ በመጨረሻዋ ሰዓት እነግራለሁ ብሎ የሚዘገይ ሰው ይህን ይወቅ።

በኑዛዜና በስጦታ መካከል ያለው ልዩነት የሲራክ ምክር ራሱ ነው ሊባል ይቻላል። ኑዛዜ ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ ማንንም ባለቤት አያደርግም፤ እርሱም በሕይወት እስካለ ሊለውጠው ወይም ሊሽረው ይችላል። ስጦታ ግን በዚያው ቀን ከእጅ ይወጣል። ውክልናም እንዲሁ ነው፤ ጡረታ የሚቀበልለት ወይም ኪራይ የሚሰበስብለት ልጅ ቢያስፈልገው፥ ለዚያው ነገር ብቻ የተወሰነ ውክልና መስጠት ይበቃል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ የሰጠውን ውክልና መሻር ስለሚችልም፥ እንዲህ ያለ ልጅ የአባቱ እጅ ሆነ እንጂ ጌታው አልሆነም።

ርብቃ 155 ዓመት ሆኖአት የምትሞትበት ጊዜ እንደ ደረሰ ለያዕቆብ ነገረችው። ያዕቆብ ግን ሳቀ፤ ትወጣና ትገባ ነበርና፥ ዓይኗ ያይ፥ ጥርሷም ጽኑ ነበርና። እርስዋ ግን ልጆቿን በየተራ ጠርታ ስለ ሰላማቸው አስማለቻቸው፤ በሣራ አጠገብ እንዲቀብሯትም አዘዘች። ይስሐቅም በመጨረሻው ቀን ሁለቱን ልጆቹን ወደ እርሱ ጠራ። መንጋው ከተወሰደበት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ዔሳው ግን አባቱ ሲጠራው መጣ። ይስሐቅ የቀረውን ሁሉ በዚያ ቀን አከፋፈለ፤ የሚበልጠውን ድርሻ ከግንቡና በመሐላው ጉድጓድ ካለው ከአብርሃም ርስት ጋር ለበኵሩ እንደሚሰጥ ተናገረ። ዔሳውም ብኵርናውን ለያዕቆብ ሸጦታልና ለእርሱ እንዲሰጥ፥ ስለዚህም አንዳች ቃል እንደማይናገር መለሰ። ከዚያም በፊቱ አብረው በሉ፥ ጠጡም፤ ሽማግሌውም በመካከላቸው ሰላም ስለ ሆነ ደስ ብሎት፥ በአልጋው ላይ ተኛ።